ወደ ዘገየች ኮረብታ፦ ከደሴ እስከ ፒችትሪ ኮርነርስ

አንድ ቃል ብቻ አደራ አትናገሩ ተብላችሁ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአማርኛ ውስጥ ሌላ ቃል የሌለ መስሎ ታይቷችሁ ያውቃል? አዲስ ሙሽሮች ቤት ስትሄዱ የሙሽራውን መላጣ እንዳታነሡ ተመክራችሁ፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ መስተዋትና ስለ እንቁላል ብቻ ስታወሩ ያመሻችሁበት ቀን የለም?

እኔ ይህ የደረሰብኝ አትላንታ ነው። የተከለከልኩት ቃል «ትንሽ» ነበር። እንዳልናገረው የተለመንኩትም ስለ አንዲት ኮረብታ ክብር ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ደሴ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ያደግሁት ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። የደሴ ሰው ጠዋት መስኮት ሲከፍት የሚያየው ተራራ ነው፤ ሰማይ ለማየት አንገቱን ማቅናት አለበት። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ የምትኖረው አክስቴ ዘውዴ ጠራችኝና ሄድኩ። ቪዛው እንዴት እንደተገኘ ብተርክ ይህ ማስታወሻ ስለ ሰልፍ ይሆናልና እዘለዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ሊያ ግን ከመነሣቴ በፊት በስልክ እንዲህ ብላኝ ነበር፦ «ሐኒ፣ ቅዳሜ ፕላን አታድርጊ። ኮረብታ እንወጣለን።» እኔም የደሴ ልጅ ነኝና ጠንካራውን የተራራ ጫማዬን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ጫማው ብቻውን የሻንጣውን ሩብ ያዘ።

ሐሙስ

የአትላንታ ኤርፖርት በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ውስጡ ባቡር አለው። ደሴ ባቡር የለም። እዚህ ግን ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ ሻንጣው በባቡር ይሄዳል። እኔም ተሳፈርኩ፤ መውረጃዬን አልፌም ተመልሼ ተሳፈርኩ።

የአክስቴ ባል ጋሽ ወርቁ ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርገው ጠበቁኝ። ጋሽ ወርቁ ኤርፖርቱ አጠገብ ኢስት ፖይንት ውስጥ የሆቴል እንግዶችን የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳሉ። በቀን አሥር ጊዜ ኤርፖርት ይመጣሉ። ግን ሁልጊዜ በሚኒባስ መጥተው፣ ሰው ጭነው፣ ሳይወርዱ ነው የሚመለሱት። በራሳቸው መኪና መጥተው ፓርክ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አራተኛ ፎቅ ነው ፓርክ ያደረግሁት» አሉ። አልነበረችም። አምስተኛም አልነበረችም።

«ሰው እንጠይቅ ይሆን?»

«ምን ብዬ? ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ቦታ ጠፋሁ ልበል?» ቁልፉን ወደ ላይ አንሥተው ይጫናሉ፤ መኪናዋ እንደ ጠፋች በግ ከሩቅ ድምፅ ታሰማለች። ድምፁን እየተከተልን ሻንጣዬን እየጎተትን ሦስት ፎቅ ወጥተን አራት ወረድን። በመጨረሻ የተገኘችው መጀመሪያ ከቆምንበት ዐምድ ጀርባ ነው። ጋሽ ወርቁ በሩን ከፍተውልኝ በትሕትና «ግቢ ልጄ፤ ይህን ለዘውዴ አትንገሪያት» አሉኝ። ለእሷ አልነገርኳትም።

አክስቴ የምትሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ስንደርስ ሥራ ላይ ነበረች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ድስትና አንድ ወረቀት ትታልኛለች፦ «መጀመሪያ ቀዩን። ከዚያ አልጫውን። ቀይ ሥሩን እንዳትነኪ፣ የነገ ነው።» አልጋዬ ላይ ደግሞ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ተደርቧል። በዚያ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርጋል ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ማቀዝቀዣው ሥራውን ጀመረ። የሐምሌ አትላንታ ውጪው እንደ ምድጃ፣ ውስጡ እንደ ሐምሌ ደሴ ነው። ሦስቱንም ለብሼ ተኛሁ።

ዓርብ

ጠዋት ሰፈሩን በእግሬ ላጠና ወጣሁ። ማሪዬታ ውስጥ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ግን በመሐል ሐሳቡን ይቀይራል። ቀጥ ብሎ ይሄድና አንድ ቁጥቋጦ ሥር ያልቃል። ካለቀበት ቆሜ ሳስብ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ መኪናቸውን አቁመው፣ መኪናዬ ተበላሽቶ እንደሆነ በጭንቀት ጠየቁኝ። መኪና የለኝም ስላቸው ጭንቀታቸው ባሰ። ካልጫንኩሽ ብለው አክስቴ በር ላይ አደረሱኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃም ሰጡኝ። ደሴ ላይ ሴት ብቻዋን ስትሄድ ቢያዩ «ወዴት ነሽ?» ብለው ይጠይቋት ይሆናል፤ «ምን ነካሽ?» ብለው ግን አያድኗትም።

ማታ ራት ላይ ሊያ ካርታዋን አመጣች። ሊያ እዚያው ያደገች የሠላሳ አንድ ዓመት ኢንጂነር ናት። ቢሮዋ ፒችትሪ ኮርነርስ በምትባል ከተማ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአምስት ጓደኞቿ ጋር አንድ የፈጠራ ዓለም ጀመሩ፤ ስሙ ዶልማር ይባላል። በየወሩ ተሰብስበው ዳይ የሚባለውን ባለ ነጥብ ኩብ እየጣሉ ይጫወቱታል። አንዱ ንጉሥ ይሆናል፣ አንዱ ዘራፊ፣ አንዱ የወንዝ ቀራጭ። የዓለሙ እምብርት ዘገየች የምትባል ኮረብታ ናት።

ለምን ዘገየች ተባለች? አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ምድር ሁሉ ሜዳ ነበረች። ቁመት አዳዩ «ነገ ጎሕ ሲቀድ ኑና ቁመታችሁን ውሰዱ» ብሎ ዐወጀ። ተራሮችና ኮረብቶች ሁሉ መጡ። ዘገየች ግን ጎረቤት ቤት ነበረች። «ልሂድ» ብላ ተነሣች፤ በሩ ላይ ቆማ አወራች። አጥሩ ጋ ደርሳ «ለመሆኑ እናትሽ እንዴት ናቸው?» ብላ እንደገና ጀመረች። መንገድ ድረስ ሸኟት፤ እሷም የሸኟትን መልሳ ሸኘች። ስትደርስ የቁመቱ ቋት ተሟጦ አዳዩ ጠርጎ የቀረውን ሰጣት። በዚህ ታፍራለች። ስለዚህ ዞሪት የሚባለው ወንዝ ሳይሳለማት ወደ ባሕር አይወርድም፤ ሦስቴ ይዞራታል። በሰሜኗ የሚኖሩት ጎንባሾች የሚባሉት ሰዎች ደግሞ እንዳይበልጧት በአጠገቧ ሲያልፉ ጎንበስ ይላሉ፤ ሐኪሞቻቸው ሁሉ የወገብ ሐኪሞች ናቸው።

ወንዝ አንድን ኮረብታ ሦስቴ ሊዞር እንደማይችል ለማስረዳት እርሳስ አነሣሁ። ሊያ እርሳሱን ወሰደችብኝ።

«ሐኒ፣ ስሚኝ። ዘገየች ሪል ቦታ አላት። ከቢሮዬ ጀርባ ናት። በዓመት አንዴ አንድ አዲስ ሰው፣ ምስክር እንለዋለን፣ ይወጣትና ያየውን ይናገራል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ምስክር ካልተገኘ ዶልማር ይዘጋል። ሩሉ እንደዚያ ነው፣ እኛው ነን የጻፍነው። ባለፈው ዓመት ያመጣነው ሰውዬ ከመኪናው ሳይወርድ ስቆ ሄደ።»

«ሌሎቹ ጓደኞችሽስ?»

«አገቡ፣ ሙቭ አደረጉ። እኔና ናቲ ነን የቀረነው። ላይክ፣ ነገ ካልሆነ አለቀ።»

ካርታውን ተመለከትኩ። የመንደሮቹ፣ የጅረቶቹ፣ የመሻገሪያዎቹ ስም በሙሉ በፊደል ተጽፏል። «ጨ» የሚለው ፊደል አልፎ አልፎ እግሩ በዝቷል፤ ግን በፊደል ነው። ሊያ በልጅነቷ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ላለመሄድ ሆዴን አመመኝ ትል ነበር። ዶልማርን ስትጀምር በሃያ ሁለት ዓመቷ ለብቻዋ ተማረችው።

«ፕሮሚስ አድርጊልኝ» አለች። «ስለ ቁመቷ የተናገረ ሰው ምስክርነቱ ይሰረዛል። ትንሽ የሚለውን ወርድ አትናገሪም።»

«አጭር ማለትስ?»

«ኖ!»

«መካከለኛ?»

«ሐኒ!»

ጋሽ ወርቁ ከሶፋው ላይ «የእኩዮቿ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፤ የእኔዋ ኮረብታ ታሳድጋለች» አሉ።

«ዳዲ፣ ነገ ድራይቭ የምታደርገን አንተ ነህ፤ የእኔ መኪና ጋራዥ ናት።»

«እነዳለሁ። አልወርድም ግን። ሰው ያየኛል።»

ቅዳሜ

ከማሪዬታ ፒችትሪ ኮርነርስ በካርታ ላይ ቅርብ ነው። በመንገዱ ላይ ግን እንደ ትራፊኩ ፈቃድ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ኃይለኛ ዝናብ መጣና ጋሽ ወርቁ የፊት መብራት አብርተው በኤሊ ፍጥነት ነዱ። የደሴ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ጦሳን በጉም ሸፍኖ ያስጠነቅቃል። የአትላንታው ሳያንኳኳ ይገባል፤ ሳይሰናበትም ይወጣል። ስንደርስ ፀሐይ ነበረች።

ቅዳሜ ስለሆነ የቢሮዎቹ ግቢ ጭር ብሏል። ጋሽ ወርቁ ከአጥር ተክሉ ጀርባ ፓርክ አድርገው፣ ማቀዝቀዣቸውን ከፍተው ቀሩ። እኛ ወረድን። ናቲ ቀድሞን ደርሷል፤ ከሊያ ጋር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ጠበቃ ነው፤ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ እንደ ካባ ደርቧል። በጨዋታው ውስጥ የዘገየች እንደራሴ እሱ ነው፤ እሷን ወክሎ ይናገራል።

ከዚያ ዘገየችን አየኋት።

ሕንፃዎቹ ሲሠሩ የተረፈ ቀይ አፈር ነው። ሣር በቅሎበታል። በአንድ በኩል ፓርኪንግ፣ በሌላው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ አለ፤ ሥሯን የሚዞራት የፍሳሽ ቦይ ዞሪት ወንዝ መሆኑ ነው። የተራራ ጫማዬን አየሁ። ጫማዬም ያየኝ መሰለኝ። ምላሴን ነከስኩ።

«በይ እንግዲህ ዲስክራይብ አድርጊያት» አለች ሊያ፣ ካርታዋን ዘርግታ። «ቲቸር አይደለሽ?»

በደንብ ነበር የጀመርኩት። «ዘገየች በምሥራቅ በፓርኪንግ፣ በምዕራብ በኩሬ ትዋሰናለች። አፈሯ ቀይና ሸክላማ ነው» አልኩ። ሊያ ፈገግ አለች። ናቲ ካባውን እያስተካከለ፣ «እና ይህች ታላቅ ኮረብታ...» ሲል አንድ ነገር ከውስጤ ፈነቀለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ለዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ትምህርት ነው፤ ተማሪ ሲሳሳት ዝም ማለት አልችልም።

«እዚህ ላይ ማስተካከያ አለኝ» አልኩ። «ኮረብታ ለመባል ከአካባቢው በቂ ከፍታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህች በትክክለኛ አጠራሯ ጉብታ ናት። ጉብታ ማለት ትንሽ...» አልኩና ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ እንዲጨርሱልኝ ቆሜ ጠበቅኩ።

ማንም አልጨረሰም። ኩሬው ላይ አንዲት ዳክዬ ጮኸች።

ናቲ ካባውን አወለቀ። «ቴክኒካሊ...» ብሎ አልጨረሰውም። ሊያ አልተቆጣችም። ካርታውን ቀስ ብላ ጠቀለለች፣ በላስቲክ አሠረችው፣ ወደ መኪናው ሄዳ ከኋላ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ወርቁ ሞተሩን አጥፍተው ወርደው መጡ። «ምን ሆና ነው?»

ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር።

«ሰደብሻት?»

«ሊያን እንኳ አልሰደብኩም፣ ጋሼ።»

«ኮረብታዋን! በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

ኮታቸውን ከመኪናው አውጥተው ለበሱ። «ታዲያ ሽማግሌ ሳትልኩ እንዴት ዝም ብላችሁ ትበተናላችሁ? የሰው ልጆች አይደላችሁም? አንቺ፣ ድንጋይ ፈልጊና ተሸከሚ። እኔ ሽማግሌ እጠራለሁ።»

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሽማግሌዎች አስቀድሞ ይቅርታ ይለምናል። ሽማግሌ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ነው። ጋሽ ወርቁ ስልካቸውን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው አክስቴ ሥራ ቦታ ደወሉ።

«ዘውዴ፣ ሽማግሌ ሆነሻል።»

«ማን ተጣላ?»

«ሐናና የሊያ ኮረብታ።»

«ጥፋቱ የማን ነው?»

«የሐና።»

«እንግዲያው ቶሎ በሉ። ብሬክ ላይ ነኝ፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው ያለኝ።»

እኔ ድንጋይ ፍለጋ ሄድኩ። በዚያ ንጹሕ ግቢ ውስጥ ሣሩ ጠርዝ ላይ ካለ አንድ ትልቅ ቋጥኝ በቀር ጠጠር እንኳ የለም። በደሌ ከባድ ነውና ድንጋዩም ይክበድ አልኩ። እግሬን ከፈትኩ፣ ወገቤን አጸናሁ፣ በሙሉ ኃይሌ አነሣሁት። ቋጥኙ እንደ ባዶ እንቅብ ብድግ አለና በጀርባዬ ወደቅኩ። ፕላስቲክ ነበር፤ ሥሩ የውሃ ቱቦ ተደብቋል። ደሴ ላይ ድንጋይ ቢሸፈን እንጂ ድንጋይ የሚመስል ሽፋን የሚገዛ ሰው አላውቅም።

በዚያው ቅጽበት ቢጫ መብራት የምታበራ ጋሪ መኪና መጣች። የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ «ኤክስኪዩዝ ሚ! ማም!» እያለ ወረደ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። የደረቱን ስም ጋሽ ወርቁ አነበቡት።

«ከድር! ጤና ይስጥልኝ። የአገር ሰው ነዎት?»

ሰውየው ቆመ። «ሐበሻ ናችሁ እንዴ? ታዲያ የግቢውን ድንጋይ ምን ልታደርጉት ነው?»

«ዕርቅ ላይ ነን። ይህች ልጅ ከደሴ መጥታ ኮረብታዋን ተናገረቻት።»

ጋሽ ከድር ኮፍያቸውን አወለቁ። «ደሴ? እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የደሴ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ስለሚኖር ሁሉ ነገር ያንሰዋል። እና ይህችን ቁልል አፈር...»

«አደራ ጋሼ!» አልን ናቲና እኔ አንድ ላይ።

«ይህችን እመቤት» አሉ ጋሽ ከድር ቶሎ ብለው። ሦስተኛው ሽማግሌም በዚሁ ተገኘ።

ናቲ ካባውን መልሶ አጥልቆ አናቷ ላይ ቆመ። ጋሽ ወርቁ ሥሯ ላይ፣ ስልኩን በእጃቸው ከፍ አድርገው፦ «እመት ዘገየች ሆይ፣ ልጃችን በስሕተት ክብርዎን ነክታለች። ይቅር እንዲሉልን መጥተናል።»

ናቲ ወዲያው «ኦኬ፣ አፖሎጂ አክሴፕትድ» አለ።

ጋሽ ወርቁ ደነገጡ። «እሺ ይባላል እንዴ በአንዴ? ክብር የላትም? እምቢ በል እንጂ!»

«ግን ይቅር ብላለች...»

«ሳትለመን?» አለች አክስቴ ከስልኩ። «ምን ዓይነት እንደራሴ ነህ አንተ?»

ናቲ ግራ ገብቶት «እምቢ» አለ። ለመንነው። «እምቢ» አለ እንደገና። ሦስተኛው ላይ ግን ነገሩ ጣመው። እጁን አጣምሮ፣ ዘገየች በቁመት ዕደላው ቀን የደረሰባትን፣ በአምናው ሰውዬ ሳቅ የተሰማትን፣ የጎንባሾችን የወገብ ሕመም ሁሉ እየዘረዘረ እምቢ አለ። አክስቴ «ስድስት ደቂቃ ቀረኝ!» ብላ ጮኸች። እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቋጥኙን በጫንቃዬ ይዤ ጎንበስ ብያለሁ።

«ደግሞም» አለ ናቲ፣ «ድንጋዩ ፕላስቲክ ነው። ሎው ላይ ይህ ድንጋይ አይባልም።»

ሕጋዊ ነጥብ ነው። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው የፓርኪንጉን ጠርዝ አዩ። ዝናቡ ከዘገየች ጫፍ ያጠበው ቀይ አፈር አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። «ዘንቦ ባባራ ቁጥር ይህ አፈር ከእሷ ይወርዳል» አሉ። «ሰኞ ጠዋት ጠራጊ መጥቶ ይወስደዋል። ከቁመቷ ሲቀነስ ስንት ዓመት አየሁ። የልጅቱ ድንጋይ ባዶ ከሆነ በዚህ ይሞላ። የራሷን ይመልሱላት፤ ካሳው ይኸው ነው።»

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ሊያ ናት፤ አባቷ ለኮረብታ «እርስዎ» እያሉ ሲለምኑ መስኮቱን አውርዳ ትሰማ ኖሯል። ምንም ሳትል መጣችና ተንበርክካ ጭቃውን በሁለት እጇ ወደ ቋጥኙ ታፍስ ጀመር። ጋሽ ወርቁም የኮታቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ቋጥኙ ሲሞላ እውነተኛ ሸክም ሆነ። ጫንቃዬ ላይ ጫኑልኝ፤ ቀይ ጭቃ በነጭ ሸሚዜ ላይ እየወረደ ሽቅብ ወጣሁ።

ሃያ ስድስት እርምጃ ነው። ሸክም ላለበት ሰው ሃያ ስድስት እርምጃ ዳገት ነው፤ ይህን በሙያዬ እመሰክራለሁ። አናቷ ላይ ገለበጥኩት።

«ለፈጣሪ ብለው ይቅር ይበሉን» አሉ ጋሽ ከድር።

ናቲ ሊያን አየ፤ ሊያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። «ይቅር ብላለች» አለ። አክስቴ ከስልኩ እልል ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ምስክርነቱ ግን ገና ነበር። ያየሁትን መናገር አለብኝ። ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከታች ሆኜ የአጥር ተክሉ ጋርዶብኝ የነበረ አንድ ነገር ከላይ ወለል ብሎ ታየኝ።

«ጋሽ ወርቁ» አልኩ፣ «የመኪናዎ መብራት ከዝናቡ ጀምሮ እንደበራ ነው።»

እሳቸው እየሮጡ ሄዱ። ሊያ ካርታውን ፈታ፣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከኮረብታዋ ጎን በፊደል ጻፈች፦ «የዘንድሮዋ ምስክር ከዘገየች ላይ ሆና ከታች ያሉት ያላዩትን አየች።» ባትሪው ሞቶ ነበር። ጋሽ ከድር ጃምፕ አድርገው መኪናዋን ካስነሡልን በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ካርታው ላይ ፈረሙ። ጋሽ ወርቁ ብዕሩን እንደያዙ ብዙ ቆዩ፤ የመንደሮቹን ስም አንድ በአንድ ያነቡ ነበር።

«ይህን ሁሉ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«የስ፣ ዳዲ።»

«ይህቺ ጨ አንድ እግር በዝቶባታል» አሉና ፈረሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በወር ስንቴ ነው የምትጫወቱት? ለአንድ ሽማግሌ ቦታ አለ?»

እሑድ

ጠዋት ሙሉ ሸሚዜን አጠብኩ። የጆርጂያ አፈር አይለቅም። ጋሽ ወርቁ ወረቀት ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና፣ ጎንባሾች ወገባቸው እንዲድን ከዘገየች ሥር መቀመጫ ይሠራላቸው ዘንድ ለዶልማር ንጉሥ ማመልከቻ አስጻፉኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ያቀርቡታል።

አሁን ደሴ ነኝ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቤታችሁ አጠገብ ስም የሌላት አንዲት ቁልል አትጠፋም። ዝናብ ሲያባራ ሂዱና ከሥሯ የታጠበውን አፈር ፈልጉ። አንድ ሣህን ሙሉ አፍሳችሁ ወደ አናቷ መልሱላት። ከመውረዳችሁ በፊት ለምን እዚያ እንደተቀመጠች አንድ ታሪክ ስጧት፤ ውሸት ቢሆንም ይሁን፣ ግን በፊደል ጻፉት። ስለ ቁመቷ ምንም አትበሉ። ሞክሩትና ከላይ ሆናችሁ ምን እንዳያችሁ ለአንድ ሰው ንገሩ።